የግራ እጅ መቀስ

አኦ ሱዪንግን የማውቃት ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። እዚሁ ያንግጂያንግ ከተማ፣ አንድ የመቀስ ፋብሪካ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው ያረጀነው። እኔ እጀታ እገጥማለሁ፤ እሷ የተገጠመውን ታቃናለች። በመካከላችን አንድ የብረት ጠረጴዛና አንድ የሙቅ ውኃ ፔርሙስ ብቻ ነበር። ስለዚህ የማወራው ከሰው የሰማሁትን አይደለም። ያልነበርኩበትንም ቢሆን ቆይታም ቢሆን ራሷ ነግራኛለች። ሱዪንግ ደግሞ ስታወራ አትጨምርም፤ እንዲያውም ትቀንሳለች።

የባሕር ልጅ ናት። የተወለደችው ጃፖ ወደብ ነው፤ አባቷ ጀልባ ነበረው። ከተፈጥሮዋ ግራኝ ናት። እናቷ ግን ይህን ልትቀበል አልቻለችም። በግራው የሚበላ ልጅ ገበታ ላይ ከጎኑ ያለውን ሰው በክርኑ ይጎሽማል፤ ሴት ልጅ ደግሞ ነገ አማት ቤት ትገባለች፣ አማት ምን ትላለች? ይህን እያሰቡ እናትየው በምግብ ሰዓት የልጅቱን ግራ እጅ በመረብ ክር ከወገቧ ጋር ያስሩት ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ክሩ ቀረና ማስመሪያ መጣ። ስምንት ዓመት ሲሞላት ሱዪንግ በቀኟ ትበላለች፣ በቀኟ ትጽፋለች። ጽሕፈቷ ግን እስከ ዛሬ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

አባትየው አንድ ነገር ብቻ ፈቅዶላት ነበር። ማጥመድ በሚከለከልባቸው ወራት መረብ ሲጠግኑ፣ ከአንድ ቀዳዳ ተነስተው እሱ ወደ ቀኝ እሷ ወደ ግራ እየቋጠሩ ይራራቁ ነበር። በዚያ ሥራ እጅ ለእጅ አይጋጩም፤ መረቡም በግማሽ ጊዜ ያልቃል። ያን ጊዜ እናቷም አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

አሥራ ስምንት ዓመቷ ላይ ከአክስቷ ልጅ ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ ከተማ ገባች። ፋብሪካው ያኔ የመንግሥት ነበር። ሥራዋ ያለቀለትን መቀስ ዘይት በነካ ወረቀት ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ መደርደር ነው። ለዚህ ዕውቀት አያስፈልግም፤ እኔም በዚያው ነው የጀመርኩት። ሱዪንግ ግን አንድ ልማድ ነበራት። እያንዳንዱን መቀስ ከመጠቅለሏ በፊት አንዴ ከፍታ ትዘጋዋለች፤ አንዳንዱን ደግሞ ካርቶን ውስጥ አትከተውም፣ ከጠረጴዛው ጥግ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን ሺፉ ጓን በዚያ ሲያልፉ ጥግ ላይ ያሉትን ሰባት መቀሶች አዩ።

ሺፉ የምንለው ሙያ ያስተማረንን ሰው ነው። ጓን የአቃኚዎች ሁሉ ሺፉ ነበሩ። መቀስ ሁለት ስለት በብሎን ስለተያያዘ ብቻ አይቆርጥም። ስለቶቹ በመጠኑ መጉበጥ አለባቸው፤ ሲዘጉ ከሥር ጀምረው እስከ ጫፍ በአንድ ነጥብ ብቻ እየተነካኩ መሄድ አለባቸው። ያንን በትንሽ መዶሻ ቶክ ቶክ እያደረገ የሚያስተካክለው አቃኚው ነው። ጥሩ አቃኚ ደግሞ በዓይኑ አይሠራም፤ ከፍቶ ይዘጋል፣ ያዳምጣል።

"እነዚህን ማን ለያቸው?" አሉ ሺፉ።

"እኔ ነኝ" አለች ሱዪንግ።

"ምን ሆኑ?"

"ድምፃቸው ደስ አይልም።"

"እንዴት ነው ደስ የማይለው?"

ሱዪንግ አሰበች። "መሀል ላይ ሲደርስ ያስነጥሳል።"

ሽማግሌው ሰባቱንም አንድ በአንድ ከፍተው ዘጉ። ኪሳቸው ከተቷቸው። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር ብለው "ከነገ ጀምሮ እኔ ጋ ነሽ" አሏት። በእውነቱ ሽማግሌ ስል ለአነጋገር ነው፤ ያኔ ገና የአርባ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። ፊታቸው ነው ቀድሞ ያረጀው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሴት አቃኚ ኖሮ አያውቅም። ወንዶቹ አጉረመረሙ። አንዱ "ሴት መዶሻ ይዛ ምን ልትሠራ ነው? ነጭ ሽንኩርት ልትወቅጥ?" አለ። ሺፉ ጓን ቀና ሳይሉ "አንተ ያቃናኸው መቀስ ነጭ ሽንኩርቱን ስለማይቆርጠው ወቃጭ አስፈልጎናል" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ደፍሮ የተናገረ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ሱዪንግ መዶሻውን ያነሳችው በግራዋ ነው። ደንግጣ ነው መሰል እጇ ራሱ ሄደ። ሺፉ በቀርከሃ ዘንግ ጣቶቿን መቷት። "ይህን እጅሽን ቤት ትተሽው ነይ። እዚህ ያለው መሣሪያ ሁሉ ለቀኝ ነው የተሠራው።" ሦስት ዓመት አስተማሯት። በነዚያ ሦስት ዓመታት ግራ እጇ በረሳው ቁጥር ዘንጉ አስታውሶታል። አልተቀየመችም። እኔ ያኔ ገና ካርቶን ስደረድር ነበርና ይህን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በቀኟ ማቃናት ቻለች፤ ጥሩ አቃኚም ሆነች። ስታገባ ሺፉ ከወላጆቿ ጋር በአንድ ገበታ ተቀመጡ። ባሏ ፌንግ ጂዩዋን ወደብ ላይ በረዶ የሚያመላልስ መኪና ይነዳል፤ ዝምተኛ ነው፣ እኛም "እሱ ሲገባ ቤቱ ይቀዘቅዛል" እያልን እንቀልድባት ነበር። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ዪፌይ አሏት።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ዪፌይ አሥር ዓመት በሞላት ዓመት ነው። ፋብሪካው ያኔ ወደ ግል ዞሯል፤ ባለቤቱ ሩዋን የሚባል በሁለት ስልክ እየተፈራረቀ የሚጮህ፣ ክፋት የሌለው ግን ትዕግሥት የሚባል ያልፈጠረበት ሰው ነው። አንድ ጠዋት ከቢሮው ወርዶ "ስምንት ሺህ የልብስ ሰፊ መቀስ ታዟል!" አለ። አጨበጨብን። "ለግራኝ የሚሆን ነው" ሲል ጭብጨባው ወደ ሳቅ ዞረ።

"ግራኝ ምን ጎደለውና ነው የራሱ መቀስ የሚያስፈልገው?"

"ቀጥሎ ለግራኝ የሚሆን ሩዝ ዝሩ እንዳይሉን!"

ሱዪንግም ሳቀች። አጠገቧ ስለነበርኩ አይቻታለሁ፤ እንደ ሰው ነው የሳቀችው።

ከውጭ አገር ካሉት ገዢዎች የመጣው የእጀታው ሥዕል ብቻ ነበር። ሩዋን ሺፉ ጓንን አማከራቸው። እሳቸውም "መቀስ መቀስ ነው፤ የእጀታው ቅርጽ ይገልበጥ፣ ሌላው እንዳለ ይሁን" አሉ። በእጃቸው ስንት መቶ ሺህ መቀስ ያለፈ ሰው ሲናገር ማን ይከራከራል? የእጀታው ቅርጽ ማውጫ ተሠራ፣ ሥራው ተጀመረ። ፈታሾቹ እንደ ደንቡ ከየካርቶኑ እያነሱ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ እርጥብ ጨርቅ ቆረጡ። ሁሉም ጥርት አድርጎ ቆረጠ። ሁሉም በቀኝ እጃቸው ነበር የሚቆርጡት። እጀታው ትንሽ አልመቻቸውም፤ ግን ለግራኝ የተሠራ ነገር ለቀኝ አይመችም ብለው አለፉት።

በሦስተኛው ሳምንት ሱዪንግ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ አየኋት። በግራ እጇ መቀስ ይዛለች፣ በቀኟ ቁራጭ ጨርቅ። አንዴ ቆረጠች፣ ደገመች። ፊቷ ተቀያየረ። ሳያት መቀሱን ቶሎ አስቀመጠችው። እኔም የወደቀ ብሎን የምትፈልግ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ የሠራተኛው ክበብ ውስጥ ሰው የሌለበት ጥግ ይዛኝ ተቀመጠች። ሩዝ የምንበላባቸውን ሁለት እንጨቶች እንደ መቀስ አጣመረችና አሳየችኝ።

"ይኸውልሽ ቺው። በቀኝ ስትጨብጪ አውራ ጣትሽ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ሌሎቹ ጣቶችሽ ወደ ውስጥ ይስባሉ። ሳታውቂው ሁለቱን ስለቶች ታጣብቂያቸዋለሽ። በግራ ሲሆን ግፊያው ይገለበጣል፤ ስለቶቹ ይራራቃሉ። ጨርቁ መሀላቸው ገብቶ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም። እኛ የገለበጥነው እጀታውን ብቻ ነው። ስለቱም መገልበጥ ነበረበት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ቤት ወስጄ አሮጌ አንሶላ ላይ ሞከርኩት። ዪፌይ አይታኝ 'እማ፣ በዚያኛው እጅሽ መቁረጥ ትችያለሽ እንዴ?' አለችኝ። 'አልቻልኩም፣ ችግሩም እሱ ነው' አልኳት።"

"ታዲያ ሄደሽ አትነግሪያቸውም?"

"ምን ብዬ? በየትኛው እጅሽ አወቅሽ ቢሉኝስ?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። "አንቺ... ግራኝ ነሽ?"

"ቀስ በይ! ሰው ይሰማል" አለች፤ ልክ ስትሰርቅ እንደያዝኳት ሁሉ። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬያት ስበላ አንድም ቀን አላወቅኩም። ሰው አጠገቡ ያለውን እንደዚህ ነው የሚያየው፤ እኔ ለምሳሌ ሌላ ምን እንዳላየሁባት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማክሰኞ ዕለት ሺፉ ጓንን መሣሪያ ክፍል ለብቻቸው አግኝታ ነገረቻቸው። ሺፉ ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ሠላሳ አምስት።"

"እኔ መዶሻ ስይዝ አንቺ አልተወለድሽም።"

"አዎ ሺፉ።"

"ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።"

ሄደች። መቀሱን ወደ ውጭ የሚወስደው ኮንቴይነር የሚጫነው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሩዋን ደስ ብሎት እያፏጨ ወደ ሥራ ክፍላችን ወረደ፤ የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች ሊያይ ነው። ሺፉ ጓን መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ሱዪንግ መዶሻዋን አስቀመጠችና ተነሳች።

"አለቃ ሩዋን፣ ይሄ መቀስ በግራ አይቆርጥም።"

"ምን?"

"በግራ አይቆርጥም። ስለቱ የቀኝ ነው።"

ሩዋን ከካርቶን አንዱን አነሳና በቀኙ ጨርቅ ላይ ሳበው። ፍስስ ብሎ ተቆረጠ። "ይኸው!"

"በግራዎ ይሞክሩት።"

በግራው ሞከረ። ጨርቁ ታጠፈ። ፎርማናችን ሹ ጣልቃ ገባ፤ ለአለቃ መታየት የሚወድ ሰው ነው። "አለቃ፣ እጅዎ ስላልለመደ ነው እንጂ መቀሱ ምንም አልሆነም። የቀኝ ሰው በግራው እንኳን መቀስ ማንኪያ መያዝ አይችልም። እህት ሱዪንግም ያው ናት፤ እጇ ነው ችግሩ።"

"የእኔ እጅ ግራ ነው" አለች ሱዪንግ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር ድምፁ የጠፋው የሞረድ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ለመስማት ብሎ ስላጠፋው ነው።

"ከተወለድኩ ጀምሮ ግራኝ ነኝ። በቀኜ የምሠራው ተመትቼ ነው።" መቀሱን በግራዋ ይዛ ጨርቁ ላይ ዘጋችው። ጨርቁ ከነጠርዙ ስለቱ መሀል ተጣጥፎ ገባ። ስታወጣው ጥርስ የሌለው ሰው ያኘከው ይመስል ነበር።

ሩዋን ላቡን ጠረገ። "አንድ ሰው አይበቃኝም። ሌላ ግራኝ ማን አለ?" መቶ ሠላሳ ስምንት ሰው መሬት መሬት ያያል። "ምን ሆናችሁ? ሌባ አላልኳችሁ! ግራኝ ማን ነው?"

የክበቡ ምግብ አብሳይ አጎት ሞ ጩኸት ሰምቶ ጭልፋውን እንደያዘ በሩ ላይ ብቅ ብሎ ነበር። "እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ?" አለ። እውነትም ጭልፋው በግራው ነው። ሃያ ዓመት ከኋላ ክፍል ሆኖ በግራው ሲያማስል ማን አይቶት! መቀሱን ሰጡት። ሞከረና አገላብጦ አየው። "ይሄ መቀስ ነው ወይስ ጉጠት?"

ሳቅ ሆነ። ከሳቁ መሀል ከሞረድ ክፍል ዌይ ላንሁዋ የምትባል የጓንግሺ ልጅ እጇን ግማሽ ድረስ አወጣች። "እኔም... ድሮ።" "ድሮ ማለት?" ብሎ ሩዋን ሲጠይቃት "እስኪገርፉኝ" አለች። እሷም ሞከረች፤ ታጠፈ። ከዚያ ከማሸጊያ ክፍል ሁለት ሴቶች መጡ። ቀጥሎ ሾፌሩ። ቀጥሎ አንድ ጠባቂ። አንዱ ሲመጣ ሌላውን እየጎተተ፣ ሁሉም በግራው እየሞከረ፣ ሁሉም ጨርቅ እያጣጠፈ፣ ዘጠኝ ደረሱ። መጨረሻ ላይ ፎርማን ሹ ራሱን አከከና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሹ፣ ምነው?" አለ ሩዋን።

"እኔም ልሞክረው" አለ ሹ፤ መቀሱን ያለማንም ትእዛዝ በግራው ተቀበለ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ማንም አልሳቀበትም ብል ውሸት ነው፤ የሳቅነው ሳቅ እስከ መንገድ ተሰምቷል። ከሱዪንግ ጋር አሥራ አንድ ሆኑ።

ሩዋን ግን አልሳቀም። ወደ መስኮቱ ዞረ። "ሺፉ?"

ሺፉ ጓን ቀስ ብለው መጡ። አንዱን መቀስ አንስተው ብሎኑን ፈቱ። ሁለቱን ስለቶች ለየብቻ ወደ ብርሃን አንስተው አዩ። መልሰው አሰሩና በግራ እጃቸው ጨብጠው ዘጉት።

"ልክ ናት" አሉ።

ሽርጣቸውን ፈትተው አጣጠፉ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሦስተኛውም ቀን።

ኮንቴይነሩ ባዶውን ተመለሰ። ሩዋን ሁለቱንም ስልኮቹን ይዞ አንድ ቀን ሙሉ ሲለምንና ሲምል ዋለ። ሥራውን እንደገና ለመጀመር የሞረድ ድንጋዩ በሌላ አቅጣጫ መዞር ነበረበት፤ ስለቱን የሚይዘው ሁሉ መገልበጥ ነበረበት፤ ከሁሉም በላይ ግልብጡን ስለት ማቃናት የሚችል ሰው አልነበረም። ወንዶቹ አቃኚዎች ሞከሩ፤ የሚያወጡት መቀስ ሁሉ ሲዘጋ ያስል ነበር። አንዳንዶቹ ሱዪንግን ገላመጧት። "ሽማግሌውን አዋርዳ ያስወጣች" የሚል ወሬ ክበብ ውስጥ እስከ እኔ ጆሮ ደረሰ። እሷም ሰምታለች። ምግብ አይወርድላትም ነበር።

እሑድ ዕለት አንድ ማሰሮ ጥቁር ባቄላና ጨው የገባ የዳክዬ እንቁላል ይዛ ወደ ሺፉ ቤት ሄደች። ብቻዬን አልሄድም ብላ እኔንም ወሰደችኝ፤ እኔ ግን ከሺፉ ባለቤት ጋር ማድ ቤት ነው የተቀመጥኩት። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም እንሰማለን። ሺፉ ግቢው ውስጥ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ሆነው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። በመጸው በዓል በክር አስረው አየር ላይ የሚያበርሩትን ትልቅ የወረቀት ወፍ በየዓመቱ ራሳቸው ነው የሚሠሩት።

"ተቀመጪ አላልኩሽም" አሉ።

"ቆሜም መናገር እችላለሁ።"

"ሰው ፊት ነው ያደረግሽው።"

"ማክሰኞ ለብቻዎ ነግሬዎት ነበር ሺፉ።"

ቀርከሃው ሁለት ጊዜ ሲሰነጠቅ ተሰማ።

"ነግረሽኝ ነበር" አሉ። "የዚያን ዕለት ቤት ይዤው መጣሁ። ሞከርኩት፣ ጨርቁ ታጠፈ። እጄ ስላልለመደ ነው ብዬ ተኛሁ።" ቢላው ቆመ። "አልተኛሁም።"

ባለቤታቸው እኔን አዩኝና ከንፈራቸውን መጠጡ። ቢላው እንደገና ሥራውን ቀጠለ።

"ረቡዕ ጠዋት ልናገር ነበር የመጣሁት። ሩዋን እያፏጨ ገባ። አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ ተነሳሽ።" ቀጠሉና "ግራኝ መሆንሽንም ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር" አሉ።

"ማወቅዎንማ አውቃለሁ፤ መትተውኛል እኮ።"

"ምን ላድርግ? የተሠራው ሁሉ ለቀኝ ነው። በግራሽ ባስለምድሽ ማን ያሠራሻል ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ። ልወቅስዎ አልመጣሁም። ወንዶቹ አልቻሉበትም፤ እኔም አልቻልኩበትም። በግራ ማቃናት ማንም አላስተማረኝም።"

"እኔም አላውቀውም። እጄ አያውቀውም።"

"ጆሮዎ ያውቀዋል።"

መልሱ ሲዘገይ እኔ ማድ ቤት ሆኜ ባቄላ መልቀም ጀመርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?" አሉ በመጨረሻ።

"ያው እንደ ሁልጊዜው፣ አንድ ሰዓት ተኩል።"

ባለቤታቸው ከማድ ቤት ጮኹ። "አርባ ዓመት የገባበትን በር ሰዓት ይጠይቃል እኮ ይሄ ሰው!"

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሽርጣቸውን ታጥቀው አገኘናቸው። ደህና አደራችሁ ከማለት በቀር ስለ ነገሩ ያነሳ የለም።

እንዴት እንደሠሩ ልንገራችሁ። ሱዪንግ መዶሻውን በግራዋ ያዘች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ፣ የከተማው ምርጥ አቃኚ፣ መዶሻ መያዝ እንደ አዲስ ጀመረች። የመጀመሪያው ሳምንት የቀኝ አውራ ጣቷን ሦስቴ ቀጠቀጠችው፤ ጥፍሩ ጠቁሮ ወደቀ። ሺፉ ከኋላዋ በርጩማ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። እሷ ትመታለች፣ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

"አይደለም።"

ትመታለች።

"አሁንም አይደለም። ጫፉ ጋ ቸኮለ።"

ትመታለች።

"ቀረበ። አታበላሺው፣ አንድ ብቻ ጨምሪ።"

ሦስት መቶ ስለት አበላሹ። ላንሁዋ ሞረዱን በተገለበጠው አቅጣጫ ለመደችው፤ ፎርማን ሹ ሳይቀር ፈታሽ ሆኖ በግራው ጨርቅ ሲቆርጥ ይውላል። አሥራ አንዱም ግራኞች ያን ሰሞን የሚፈለጉ ሰዎች ሆኑ። አጎት ሞ ሩዙ እያረረበት በየግማሽ ሰዓቱ ለፍተሻ ይጠራል።

ሁሉም ነገር አማረ አልልም። መቀሱ የደረሰው ስድስት ሳምንት ዘግይቶ ነው፤ ገዢዎቹም ከስምንቱ ሺህ የተቀበሉት ግማሹን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስለቶች እጀታቸው ተነቅሎ የቀኝ እጀታ ገባላቸውና እንደ ተራ መቀስ ተሸጡ። ሩዋን ለሱዪንግ አመሰግናለሁ አላላትም። አላባረራትም። የአዲስ ዓመት ራት ላይ ግን ከሺፉ ጓን ጋር የራሱ ገበታ ላይ አስቀመጣት፤ አጎት ሞ ሳህኗን ክርኗ ማንንም የማይነካበት ጥግ ላይ አደረገላትና "ብዪ፣ ባለ ግራ" አላት። እሷም ሁላችንም እያየን በግራዋ በላች። ከዚያ ቀን ወዲህ በቀኟ ስትበላ አላየኋትም።

በዓመቱ እነዚያው ሰዎች አንድ ሺህ ጨምረው አዘዙ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ብዙ አይደለም፤ ስድስት ሰው የሚያሠራ ያህል ነው። መስኮቱ ጋ ያለውን ጥግ ለእነሱ ለቀቁላቸው፤ እኛም "ግራ ሰፈር" አልነው።

እናቷ የዓይን ሕክምና ፈልገው ከጃፖ መጥተው ቤቷ ሰነበቱ። ልጃቸው በግራዋ ስትበላ ሁለት ቀን አዩና ምንም አላሉም። በሦስተኛው ቀን አላስቻላቸውም።

"አማትሽ እንደዚህ ስትበዪ አይታሻለች?"

"አማቴ ከሞተች እኮ ስድስት ዓመቷ ነው እማ።"

"እንዲያ ከሆነማ ብዪ" አሉና ዓሣውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

ሺፉ ጓን ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሠሩ። የጣላቸው ጆሯቸው ነው፤ ዕድሜ ልክ ከሞረድ ጋር የኖረ ጆሮ መቼም አይተርፍም። አንድ ቀን አምስት መቀስ ከፍተው ዘጉና "ሁሉም ደህና ናቸው" አሉ። ሁለቱ ደህና አልነበሩም። ሱዪንግ ሁለቱን ለብቻ ወስዳ አቃናቻቸው። ሺፉ ግን ስታቃና አዩዋት። በሳምንቱ ራሳቸው ወደ ሩዋን ቢሮ ወጥተው "ይበቃኛል" አሉ። ሱዪንግ እሑድ እሑድ ቤታቸው እየሄደች ቀርከሃ ትሰነጥቅላቸው ነበር። ካቻምና በጸደይ አረፉ። ልጆቻቸው ከእነሱ ጋር ነጭ የሐዘን ልብስ ለብሳ ሬሳውን እንድትከተል ጠየቋት፤ ተከተለች። አላለቀሰችም። ጂዩዋን፣ ያ ዝምተኛ ባሏ፣ ነው ያለቀሰው፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ሃምሳ ሲሞላት እንደ ሕጉ ጡረታ ወጣች። ሦስት ወር ቤት ተቀምጣ አበደች። ማጆንግ የሚባለው የጠጠር ጨዋታ ላይ ብንወስዳት ሰው እስኪጫወት አትጠብቅም፣ ትሰለቻለች። የሩዋን ልጅ፣ አሁን ፋብሪካውን የሚመራው፣ መጥቶ "አክስት ሱዪንግ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነይልኝ" ሲላት "አራት ይሁን" አለችው። ሦስት ላይ ተስማሙ። አምስት ልጆች ታስተምራለች፤ ሁለቱ ግራኝ ናቸው፣ ማንም መትቷቸው አያውቅም፤ እሷም ዘንግ አትይዝም፣ ምላሷ ይበቃል። ዪፌይ ጓንጆ ሄዳ ጥርስ ሐኪም ሆናለች። እሷ የቀኝ ሰው ናት።

አምና ፋብሪካው ከከተማው ወጥቶ አውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው የኢንዱስትሪ መንደር ተዛወረ። ሱዪንግ በኤሌክትሪክ ሞተርዋ አርባ ደቂቃ ትሄዳለች። ነፋሱን ታማርራለች፣ የጭነት መኪኖቹን ታማርራለች፣ ከሁሉም በላይ ክበቡን ታማርራለች፤ አጎት ሞ ጡረታ ስለወጣ ምግቡ አሁን ከውጭ በመኪና ነው የሚመጣው።

"ትናንት ምን አበሏችሁ?" አልኳት ዛሬ ጠዋት ገበያ ስንገናኝ።

"ዓሣ ነው ይላሉ።"

"ተውሽው?"

"ለምን እተወዋለሁ፣ ርቦኝ ነበር" አለች። ከዚያ አንድ እስር ጎመን መረጠች፣ ሥሩን አየች፣ መለሰችው፣ ሌላ አነሳች።